ፓርቲዋን ስለጠላን እሷንም መጥላት አለብን?

 

ስለ ፖለቲካ ልትጽፍ ነው ብላችሁ ወረቀቱን እንዳታጥፉት። እኔ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው፤ ማን ቢመራ እንደሚሻል ለእናንተ የምነግርበት ዕውቀት የለኝም። የምጽፈው ስለ እኛው ስለ ራሳችን ነው። ብዙዎቻችሁ እንደሰማችሁት በመረዳጃችን የሐዘን ሣጥን ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቧል። "የብልጽግና ደጋፊ መሆኗ የታወቀች ሴት ከሣጥኑ ትውጣ፤ አታዋጣ፣ ሐዘን ሲደርስባትም አይሰጣት" የሚል ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ይወሰናል ተብሏል። ሐሳቡን ያቀረቡት እህቶች ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንደኛዋ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ወንድሟን አጥታለች። በማን ጥይት እንደወደቀ እስካሁን የነገራት የለም። ስለዚህ ነገሩን በስድብ ሳይሆን ረጋ ብለን እንየው ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ጥያቄው በአጭሩ ይኼ ነው። አንዲት ሴት እኛ የምንጠላውን ፓርቲ ብትደግፍ፣ ከእሷ ጋር ቡና መጠጣት፣ ስትታመም መጠየቅ፣ ለቅሶዋን መድረስ ይገባናል ወይስ አይገባንም? ሰላምታና ሐዘን መንፈግ ፍትሕ ነው ወይስ በቀል?

እስቲ መጀመሪያ "ደጋፊ" የምንለው ማንን እንደሆነ እንጠይቅ። በአገራችን ፓርቲ መደገፍ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። አንዱ አምኖበት ይገባል። አንዷ ልጇ ሥራ እንዲያገኝ ብላ ትገባለች። አንዱ ማዳበሪያ እንዳይቀርበት፣ አንዷ ከሴፍቲኔት መዝገብ ስሟ እንዳይሰረዝ ነው። ኢሕአዴግ በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ጊዜ አባሎቹ ወደ 760 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ2000 ዓ.ም. ከ4 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። እንግዲህ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ጊዜ ልቡ በርቶለት ነው የገባው? ሂዩማን ራይትስ ዎች የሚባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት እርዳታ፣ ብድር፣ ማዳበሪያና ሥራ ፓርቲውን ከመደገፍ ጋር ይያያዝ እንደነበር ጽፏል። ኢሕአዴግ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ቀርቶ ብልጽግና ሲመሠረት ደግሞ ከሕወሓት በቀር የግንባሩ ድርጅቶች ከነአባሎቻቸው ወደ አዲሱ ተሻገሩ። ስለዚህ "ደጋፊ" ብለን ጣት የምንቀስርባት ሴት እናቷ ስንዴ እንዳይቀርባት የተመዘገበች ልጅ ልትሆን ትችላለች። በመዝገቡ ላይ ፊርማዋን እናያለን፤ ጓዳዋን አናይም።

አምና የምትደግፍስ? እሷም አለች። ለእሷም ጆሮ እንስጥ። እኔ የማውቃት አንዲት እህት አለች፤ ወንድሟ የመን አቋርጦ መጥቶ እዚሁ ሳዑዲ ታስሮ ነበር። በግንቦት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወደዚህ አገር መጥተው የሳዑዲ መንግሥት አንድ ሺህ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ለመፍታት ሲስማማ ወንድሟ ከተፈቱት አንዱ ሆነ። እናቷ ያን ቀን እልል ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። ይቺ ልጅ ብትደግፍ ምን ይደንቃል? ሌላዋ እህታችን ደግሞ ወንድሟ በጦርነቱ ቀረ። እሷስ ሥልጣን ላይ ያሉትን ብትጠላ ምን ይደንቃል? አንዷ ወንድሟን ያገኘችበትን ዘመን ታያለች፣ አንዷ ወንድሟን ያጣችበትን። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ዓርብ ዓርብ አንድ ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ።

አሁን ደግሞ ወደ ኋላ ዞር ብለን አገራችን በዚህ ነገር ምን እንዳየች እናስታውስ። እኔ ያልደረስኩበትን ከታላላቆቼ ሰምቼ፣ ካነበብኩትም ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ጊዜ በአንድ ቤት አንዱ ልጅ ኢሕአፓ፣ አንዱ መኢሶን ይሆን ነበር። መኢሶን መጀመሪያ ከደርግ ጋር ቆሞ ነበር፤ ኢሕአፓ የተባለውን ሲያሳድዱ አብሮ ነበር። ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ላይ እሱም ከደርግ ጋር ተጣላና ይታደን ጀመር። የጠቆመው ተጠቋሚ ሆነ። ልጁ ተገድሎ እናት እንዳታለቅስ የተከለከለችበት ዘመን ነው። "የአናርኪስት እናት" ተብላ ጎረቤት ደጇን የማይረግጥበት። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተው ያ እንዳይረሳ ነው። ታላላቆቻችን ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ ከጥይቱ እኩል የሚያነሡት አልቅሶ መቅበር መከልከሉን ነው።

ከዚያ ኢሠፓ መጣ። ሲመሠረት ቀይ ደብተሩን መያዝ ክብር ነበር፤ ለሹመትም ለዕድገትም መንገድ ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ "ኢሠፓ ነበረ" የሚለው ቃል በአንድ ቀን ወደ ስድብ ተለወጠ። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊም፣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም፣ በእጁ ደም ያለበትም የሌለበትም በአንድ ስም ተጠራ።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ቅንጅት መጣ። ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ፣ በማግሥቱ ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት መስቀል አደባባይን ሞሉት። የአንዱ ምልክት ንብ፣ የአንዱ ሁለት ጣት። ግንቦት 7 ቀን ምርጫው ሲደረግ ቅንጅት በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 ወንበር 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ጥይት ተተኮሰ፤ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አገኘ። እኔ ለማንሣት የፈለግኩት ግን ከዚያው ጋር የነበረውን ሌላ ነገር ነው። በጥቅምት 1998 ቅንጅት ከጠራቸው ሰላማዊ የተቃውሞ እርምጃዎች መካከል የመኪና ጥሩንባ ማሰማት፣ የፓርቲውን ድርጅቶች ዕቃ አለመግዛት ነበሩበት፤ ከኢሕአዴግ ሰዎች ጋርም ማኅበራዊ ግንኙነት ማቋረጥ ነበረበት። ሰላምታ አለመስጠት፣ በሰርግ በለቅሶ አለመገናኘት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዱላ ሳያነሡ፣ ድንጋይ ሳይወረውሩ መቃወም መልካም ነገር ነው። የፓርቲ ድርጅት የሚሸጠውን ዕቃ አልገዛም ብትዪ ያ ፓርቲውን ይነካል፤ መብትሽም ነው። ለቅሶ አልደርስም ስትዪ ግን ማንን ነካሽ? ፓርቲው አባት አይሞትበትም። አባት የሚሞትባት ያቺ ሴት ናት። ቁጣችን ትልቁን ሰውዬ ፈልጎ ሄዶ ስለማያገኘው አጠገቡ ያለችውን፣ አቅም የሌላትን ይመታል። እኛ ቤት ሠራተኞች ይኼን ከማንም በላይ እናውቃለን። ባባ በሥራው ተናዶ ይመጣል፣ በማዳም ላይ ይጮኻል፣ ማዳም በእኛ ላይ ትጮኻለች። እኛ ደግሞ ቁጣውን ወደ ታች ማውረድ አለብን?

ደግሞስ ማግለሉ ምን ጠቀመ? ቀደም ብዬ የጻፍኩትን ቁጥር አስታውሱ። ከ1997 በኋላ የኢሕአዴግ አባል በዛ እንጂ አልቀነሰም። ማግለሉ ብቻ ነው ያበዛው አልልም፤ ፍርሃቱም፣ ስንዴውም፣ ሥራውም አለ። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው። ሰውን ከቡናው፣ ከእድሩ፣ ከሰላምታው ስናስወጣው የቀረለት ቤት ፓርቲው ብቻ ይሆናል። እኛ ባባረርናት ቁጥር የሚቀበላት እሱ ነው።

ሌላም አደጋ አለ፤ ይኼኛው ከሁሉ ይከፋል። ፓርቲን መጥላት ብለን እንጀምራለን፣ ቋንቋ መጥላት ላይ እንጨርሳለን። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በነበረው የሰሜኑ ጦርነት "ጁንታ" የሚለው ቃል ለሕወሓት መሪዎች ወጣ። ብዙ ሳይቆይ ትግርኛ የምትናገር ሁሉ መጠሪያዋ ሆነ። ከዚሁ ከሳዑዲ እስር ቤት ወጥተው የተመለሱትን አስቡ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት ከሳዑዲ ተባርረው አገራቸው የገቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የትግራይ ተወላጆች በአገራቸው ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ መታሰራቸውንና መንገላታታቸውን ጽፏል። እነዚህ ሰዎች እንደኛው ሽንት ቤት ሲያጥቡ፣ ፍየል ሲያግዱ የኖሩ ናቸው። ማን የማንን ፓርቲ እንደሚደግፍ የጠየቃቸው አልነበረም። ቋንቋቸው በቂ ሆነ። እኛ ሣጥናችን ላይ "ደጋፊ" የሚል ቃል ብንጽፍ ነገ ማን ደጋፊ እንደሆነች በምን እንለያለን? በንግግሯ? በስልኳ ላይ ባለው ፎቶ? በመጣችበት ወረዳ? በስሟ?

ስለ ስድብም ትንሽ ልበል። "ሆዳም"፣ "ካድሬ"፣ "ባንዳ" የሚሉትን ቃላት በዋትስአፕም በክፍላችንም እየሰማን ነው። ባንዳ ማለት እኮ በጣልያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ከጠላት ጋር ቆሞ ወገኑን የወጋ ሰው ነው። ጅማ ላይ አስፋልት ተሠራ ብላ ደስ ያላትን ልጅ ባንዳ ካልናት፣ እውነተኛው ባንዳ ሲመጣ ምን ብለን እንጠራዋለን? ደግሞ ያን ጊዜ እንኳ ንጉሡ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲመለሱ ሕዝቡ ጣልያኖቹን እንዳይበቀል ለምነዋል። ለባዕድ ወራሪ እንዲህ ከተባለ ለእህታችን ስንት ሊባል ነው። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ሳልመልሳቸው ባልፍ አግባብ አይደለም።

አንደኛው "ጆሮ ጠቢ ብትሆንስ? የምናወራውን ለሌላ ብታቀብልስ?" የሚል ነው። ይኼ ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነው። ግን ወሬ ማቀበል ሥራ ነው፣ አስተሳሰብ አይደለም። ወሬ ያቀበለች፣ ሰው ያስያዘች፣ ኢቃማዋ ያለቀባትን እህት የጠቆመች ብትገኝ የትኛውንም ፓርቲ ትደግፍ በሥራዋ ትጠየቅ። ፓርቲ የሌላትም ይኼን ልታደርግ ትችላለች። ያላደረገችውን ግን "ልታደርግ ትችላለች" ብለን ከወዲሁ መቅጣት ለራሳችን የማንወደው ነው። ማዳም ወርቋ ሳይጠፋ "ኢትዮጵያውያን ሌቦች ናቸው" ብላ ሻንጣችንን ስትፈትሽ ምን ይሰማናል?

ሁለተኛው ከባዱ ነው። "ወንድሜ መሬት ውስጥ ሆኖ፣ ሥልጣን ላይ ላሉት ከምታጨበጭብ ጋር እንዴት አንድ ስኒ እጠጣለሁ?" ለሚለው ቶሎ የሚመለስ መልስ የለኝም። ሐዘን ያለባትን ሴት "ይቅር በይ" ብሎ ማዘዝ ሌላ በደል ነው። ካልፈለገች አብራ አትቀመጥ። ፊቷን ብታዞር ማንም አይፍረድባት፤ ያ የእሷ ቁስል ነው። ነገር ግን የአንዲት ሴት ቁስል አንድ ነገር ነው፣ የሁላችንም ሕግ ሌላ። እሷ አልቀመጥም ስትል ሐዘኗ ነው የሚናገረው። እኛ ወንድም ያልሞተብን ሠላሳና አርባ ሴቶች ተሰብስበን "አትቅረቡን" ብለን ብንጽፍ ግን ሐዘን አይደለም፤ ብዙ ሆኖ አንዲትን ማጥቃት ነው።

ሦስተኛው "ዝም ካልናት በደሉን ተቀበልን ማለት ነው" ይላል። ዝም በሏት ያለ የለም። ተከራከሩ፣ "ተሳስተሻል" በሏት፣ የሞተውን ቁጠሩላት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። ለቅሶዋን ደርሰሽ በማግሥቱ ልትከራከሪያት ትችያለሽ። ለቅሶዋን ከልክለሽ ግን ያንቺን ክርክር የምትሰማበት ጆሮ አይኖራትም።

ደጋፊ የሆናችሁ እህቶችም የሚነገራችሁ አለ። በሞተ ሰው ላይ አትሳለቁ። "ውሸት ነው፣ ማንም አልሞተም" አትበሉ፤ አጠገባችሁ የተቀመጠችው ጥቁር የለበሰችው ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፓርቲያችሁን ብትወዱ መውደድ ትችላላችሁ፤ የሰው ሞት መካድ ግን ድጋፍ አይደለም። ለቅሶ በተቀመጥንበት ክፍል የመሪ ንግግር በስልክ ጮክ አድርጎ መክፈትም ነውር ነው፤ የተቃዋሚም ቢሆን ያው ነውር ነው።

አንዳንዴ የፊሊፒንስ ጓደኞቻችንን አያለሁ። እነሱ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውጭ አገር ሆነው ይመርጣሉ። በ2016 ለዱቴርቴ፣ በ2022 ለማርኮስ ጊዜ እዚህም ተጨቃጭቀዋል፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ሮዝ ሆና። እነሱስ ድምፅ አላቸው። እኛ በ1997ም ሆነ በ2013 ምርጫ ውጭ ላለነው የተከፈተ ጣቢያ አልነበረም። በሌለን ካርድ ተጣልተን ያለንን አንድ ሣጥን እንስበር?

ሣጥኑ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ኤምባሲያችን ያለው ሪያድ ነው፣ ከደማም 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ቆንስላው ጅዳ ነው። አንዲት እህት እዚህ ስትሞት ወረቀቱ ከከፊሉ፣ ከሆስፒታሉ፣ ከኤምባሲው እስኪሟላ ሬሳው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። ማነው የሚመላለሰው? ማነው ለእናቷ የሚደውለው? በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚህ አገር ሲባረሩ ማንም ፓርቲያቸውን አልጠየቀም፤ አንድ ላይ ተጭነው አንድ ላይ ቦሌ ወረዱ። የአገራችን እድር ሃይማኖትና ብሔር ሳይጠይቅ ድንኳን የሚተክለው ሞት ራሱ ስለማይጠይቅ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ለእንደኛ ዓይነቱ ነው።

ደግሞ አስቡት፤ መኢሶን፣ ኢሠፓ፣ ኢሕአዴግ እያለ እዚህ ደርሷል። ዛሬ የሚጠላው ነገ ሌላ ይሆናል። በየዘመኑ ማንን እንደምናስወጣ ስም የምንለውጥ ከሆነ ሣጥኑ ውስጥ የሚቀር ሰው ይኖራል?

እንግዲህ ለስብሰባው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሣጥኑ ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቅ፤ አዋጥታለች ወይ? ሐዘን ደርሶባታል ወይ? በለቅሶ ቦታ ከየትኛውም ወገን ስለ ፓርቲ አይወራ። ገንዘብ የበላች፣ ሰው የጠቆመች፣ በሟች የቀለደች ካለች ስሟ ሳይሆን ሥራዋ ተጠርቶ በፊቷ ትጠየቅ፣ መልስም ትስጥ። ሐዘንተኛ የሆነች እህት ደግሞ ከማትፈልገው ሰው ጋር እንድትቀመጥ አትገደድ፤ ድርሻዋን በሌላ ሰው እጅ ትላክ።

ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ ወንድም የሞተባችሁ፣ እባካችሁ ጻፉ። መጻፍ ለማትችሉ ዓርብ ስንገናኝ እናንተ ተናገሩ፣ እኔ እጽፍላችኋለሁ። ሳይቆረጥ ሳይቀጠል በሚቀጥለው ወረቀት ይውጣ። ስብሰባው ላይ መምጣት የማትችሉ ደግሞ ማዳም ስትተኛ በስልክም ቢሆን ድምፃችሁን ስጡ።

ፈጣሪ አገራችንን ሰላም ያድርግልን፣ በሰው አገር ያለነውን ይጠብቀን። ቸር ይግጠመን።

እህታችሁ፣ ከኮባር